የታናሿ ጉልበት

«ጉልበቷን ነው። ቀኙን። አንዴ ብቻ ነክተሽው እለፊ፤ ሁለተኛ ሜዳ አትረግጥም።»

በረኛዋ ይህንን የሰማችው ቅዳሜ ጠዋት፣ በሆኪ ክለቡ ዕቃ ቤት ውስጥ፣ ከብረት መደርደሪያው ኋላ ቁጢጥ ብላ የእግር መከላከያዋን የተበጠሰ ማሰሪያ በወፍራም መርፌ ስትሰፋ ነበር። ክፍሉ መስኮት የለውም፤ ያልደረቀ ሹራብና እርጥብ ጎማ ይሸታል፤ ከጣሪያው የተንጠለጠለችው አምፖል ብርሃኗ ከመደርደሪያው ወዲያ አይሻገርም። መርፌው አውራ ጣቷ ውስጥ ሲገባ ተሰማት፤ ግን ትንፍሽ አላለችም። ድምፁ የአምበሏ ነው። አምበሏ ምንጊዜም ስታወራ መጨረሻው ላይ ሳቅ ያለበት ነገር የምትናገር ይመስላል፤ አሁንም እንደዚያው ነበረች። «ዳኛው የሚያየው ኳሷን ነው፣ አንቺን አይደለም። ዝቅ ትያለሽ፣ ዱላሽን ትልኪያለሽ፣ ኳስ ስቼ ነው ብለሽ እጅሽን ታነሺያለሽ። ቢበዛ ቢጫ ነው።» የሆነ ቦታ ቧንቧ ይንጠባጠባል። ከዚያ አንድ ቀጭን ድምፅ «እሺ» አለ። እሺ ያለችው በቡድኑ ውስጥ ዝምተኛዋ የሚሏት የግራ ተከላካይ ናት፤ የሁለት ዓመት ሕፃን እናት፣ ልምምድ ላይ ውሃ እንኳ አቀብሉኝ ለማለት የምታፍር ሴት።

የማን ጉልበት እንደሆነ መናገር አላስፈለጋቸውም። ከሰዓት በኋላ በሚገጥሙት ቡድን ውስጥ ቀኝ ጉልበቷን በቀዶ ጥገና የተጠገነች አጥቂ አንዲት ብቻ ናት፤ እሷም የበረኛዋ ታናሽ እህት ናት። ሐኪሙ ጅማቱን ከሰፋው በኋላ «ይሄ ዳግመኛ ከተበጠሰ የምናወራው ስለ ሆኪ ሳይሆን ደረጃ ስለ መውጣት ነው» ያለ ጊዜ፣ በረኛዋ የእህቷን ጫማ ይዛ ከአልጋው አጠገብ ቆማ ነበር። ሁለቱ ሴቶች ከዕቃ ቤቱ ከወጡ በኋላም ብዙ ቆየች። እግሯ ደንዝዞ፣ ከአውራ ጣቷ የወጣው ደም በነጩ ማሰሪያ ላይ ሲሰራጭ እያየች ተቀመጠች። ብድግ ብላ «ምን እያላችሁ ነው?» ማለት ትችል ነበር። ለምን እንዳልተነሳች ቀኑን ሙሉ ራሷን ስትጠይቅ ዋለች። መልሱን ግን ገና እዚያው እያለች ታውቀው ነበር፤ ፈርታ ነው።

ተንኮል የማያውቅ የሆኪ ተጫዋች የለም፤ እሷም ብትሆን ንጹሕ ነኝ የምትል አልነበረችም። ወደ ቡድኑ የምትመጣ አዲስ ልጅ ጫማዋ ውስጥ የጥርስ ሳሙና ሳታገኝ የመጀመሪያ ሳምንቷን አትጨርስም። አንዷን «ጋዜጠኞች ነን» ብለው ደውለውላት ግማሽ ሰዓት ሙሉ ስለ ሕይወት ታሪኳ አስለፍልፈዋታል። የአሰልጣኙን ፊሽካ በሽንኩርት አሽተውት አፉን ሲያጣምም በሳቅ ፈርሰዋል። ይሄ ፌዝ ነው። ሜዳ ላይ ደግሞ ብልጠት የሚሉት አለ፤ ዳኛው ዞር ሲል የባላጋራን ዱላ በዱላ መጫን፣ ማንም ሳይነካ ተንከባልሎ መውደቅ፣ ጊዜ ለመግደል ማሰሪያዬ ተፈታ ብሎ መንበርከክ። በዚህ በኩል በረኛዋን የሚያክላት አልነበረም። የእሷ ብልጠት አፏ ነው። ከራስ ቁሯ ፍርግርግ ጀርባ ሆና አጥቂዎችን በሹክሹክታ ታሸብራለች። «ጫማሽ ተፈቷል» ትላለች። «መጣችልሽ፣ ከኋላሽ!» ትላለች። «ያ የተመታሽው ቦታ አሁንም ያምሻል?» ትላለች። ስንቷ ናት ኳሷን ትታ እግሯን ያየችው! ከጨዋታ በኋላ ግን እነዚያው አጥቂዎች ትከሻዋን እየደበደቡ «አንቺ አፍሽ ይያዝ!» ይሏታል፤ አብረው ይስቃሉ። ማንም ሳይጽፈው ሁሉም የሚያውቀው ሕግ ይሄ ነበር፤ ከጨዋታው በኋላ ተገናኝተሽ የማትስቂበትን ነገር አታደርጊም። ዘንድሮ ግን ቡድኑ አሥራ አንድ ጊዜ ተሸንፏል። ዛሬም ከተሸነፉ ይወርዳሉ፤ ከወረዱ ደግሞ ክለቡን የሚያስተዳድረው ፋብሪካ ቡድኑን እንደሚበትን የሚገልጸው ወረቀት በር ላይ ከተለጠፈ ሳምንት ሆኖታል። ከዚያ ወረቀት ወዲህ በመልበሻ ክፍሉ ውስጥ የሚሳቀው ሳቅ መልኩ ተቀይሯል።

ከክለቡ በቀጥታ ወደ ሥራዋ ሄደች። በአንድ መነጽር ቤት ውስጥ፣ ከመሸጫው ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል፣ መስታወት እየሞረደች በፍሬሙ ልክ የምታደርግ ባለሙያ ናት፤ ቅዳሜ እስከ ቀትር ትሠራለች። እጇ የታመነ ነው። ሌላ ጊዜ ከፀጉር በቀጠነ ልዩነት የምትለካው ሴት፣ የዚያን ዕለት ለአንዲት አስተማሪ የታዘዘውን ወፍራም መስታወት ወደ መሞረጃው ስታስጠጋ ጠርዙ ተሸረፈ። ሌላ አነሳች፤ እሱም ተሸረፈ። አለቃዋ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መነጽራቸውን ሲፈልጉ የሚውሉ ሽማግሌ፣ በመጋረጃው ብቅ ብለው አዩዋት።

«ምነው ልጄ፣ ዛሬ እጅሽን ቤት ረስተሽው መጣሽ እንዴ?»

«ጨዋታ አለን ጋሼ። ከሰዓት።»

«እሱ ነገር! ዱላ አስይዘው ኳስ ብቻ ምቱ የሚሏችሁ ጨዋታ!» ብለው ሳቁ። «እኔ ብሆን አምስት ደቂቃም አልታገሥ።» እሷም ልትስቅ ሞከረች። ሽማግሌው ደንበኛ ሊያስተናግዱ ሲመለሱ ስልኳን አውጥታ ለአሰልጣኙ ደወለች። የሰማችውን ስትነግረው የእህቷን ስም አላነሳችም፤ አንዲት አጥቂ ብቻ አለች፤ ማን ናት ብሎ እንዲጠይቃት ፈልጋ ነበር። አላቋረጣትም። ይህ ራሱ አስፈራት፤ አሰልጣኙ ሰው ሳያቋርጥ የሚያዳምጥ ሰው አልነበረማ። ስትጨርስ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ልጆቹ ጭንቅ ላይ ናቸው። የጨነቀው ሰው ብዙ ያወራል።»

«ኮች፣ እሺ አለቻት እኮ! በጆሮዬ ነው የሰማሁት።»

«ስሚኝ። የሜዳውን ነገር ለሜዳ ተዪው። ዛሬ ከአንቺ የምፈልገው እጅሽን ነው፣ ጆሮሽን አይደለም።»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ነው አንድ ነገር ልብ ያለችው። የማን ጉልበት ነው ብሎ አልጠየቃትም። ወንበሯ ላይ ተቀምጣ የተሸረፉትን መስታወቶች ስታይ ብዙ ቆየች፤ ከመጋረጃው ወዲያ ሽማግሌው ለአንዲት ሴት ግድግዳው ላይ ያሉትን ፊደላት ያስነብባሉ፤ ሴትዮዋ እያነበበች ትሳሳታለች፣ እየሳቀች እንደገና ትጀምራለች። ዓለም ሁሉ በሰላም ውሎው ላይ ነበር። ሊመጣ ያለውን ነገር የያዘችው እሷ ብቻ ነበረች፤ እንደ ትኩስ ድስት የትም ልታስቀምጠው አልቻለችም።

የቅዳሜ ምሳ የእናታቸው ሕግ ነው። ተጣሉም ታረቁም፣ ሁለቱም ልጆች በእናታቸው ሁለት ክፍል ቤት፣ አበባ ባለበት የላስቲክ ጨርቅ በተሸፈነው ጠረጴዛ ዙሪያ መገኘት አለባቸው። ታናሿ ከእነሱ ቡድን ወጥታ ወደ ሌላኛው ክለብ ከሄደች ጀምሮ እህትማማቾቹ በቀጥታ አይነጋገሩም። ታናሿ ከቀዶ ጥገናው ስትመለስ አምበሏ «በአንድ እግር የሚሮጥ አጥቂ አንፈልግም» ስትል በረኛዋ እዚያው ተቀምጣ ነበር፤ ምንም አላለችም። ታናሿ ያንን አልረሳችውም። አሁን የሚነጋገሩት በእናታቸው በኩል ነው፤ «እማዬ፣ ጨውን አቀብዪኝ በያት»፤ «እማዬ፣ እጅ አላት በያት።» እናታቸው «እኔ ደግሞ ፖስታ ቤት ሆኜ ቀረሁ» እያሉ ጨውን ራሳቸው ያሻግራሉ። ስለ ጨዋታው አይጠይቁም፤ ሁለቱም እንዲያሸንፉ መመኘት ስለማይቻል ከነጭራሹ መመኘት ትተዋል። የዚያን ዕለትም ስለ ቲማቲም መወደድ፣ ስለ ታችኛው ፎቅ ጎረቤት ሳል፣ ስለ ደረጃው አምፖል ሲያወሩ፣ ታናሿ ሾርባዋን እየጠጣች ቀኝ እግሯን ባዶው ወንበር ላይ ዘርግታ ጉልበቷን በመዳፏ ታሻለች። ይህን የምታደርገው ሳታስበው ነው። በረኛዋ ያንን እጅ እያየች ማንኪያዋን አስቀመጠች።

ኩሽናው ለሁለት ሰው አይበቃም። ታናሿ ሳህን ስታጥብ በረኛዋ ገብታ በሩን በጀርባዋ ዘጋችው። በሰባት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ አነጋገረቻት።

«ዛሬ እንዳትጫወቺ።»

«ምን?»

«አሞኛል በይ። እኔ የምልሽን ስሚ፤ ጉልበትሽን ሊመቱት ነው። ሲማከሩ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

ታናሿ ሳህኑን እንደያዘች ዞረች። መጀመሪያ ፊቷ አመድ መሰለ፤ ቀጥሎ ዓይኗ ጠበበ፤ ከዚያ ሳቀች። ከልቧ የሆነ ሳቅ ግን አልነበረም።

«ትገርሚኛለሽ እኮ እታለም! ጫማሽ ተፈቷል ማለቱ አለቀብሽና እማዬ ኩሽና ድረስ መጣሽ?»

«እማዬ ትሙት!»

«ቀስ በይ፣ እማዬ በሩ ጋ ናት።» ሳህኑን አስቀመጠችና እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «አጥቂ ፈርታ ሜዳ እንድትገባ ማድረግ ያንቺ ሥራ ነው። ስንቷን እንዳስለቀስሽ አይቻለሁ፤ ስትለማመጂ እኮ በእኔ ላይ ነው የተለማመድሽው። እኔን ግን አታገኚኝም።»

«ዛሬ ዘዴ አይደለም። የኔ ልጅ፣ ዛሬ ዘዴ አይደለም አልኩሽ!»

«ሁልጊዜም እንደሱ ነው የምትዪው» አለች ታናሿ፤ በሩን ገፍታ ወጣች። ሻንጣዋን ይዛ፣ ፍራፍሬውን ሳትጠብቅ፣ የእናቷን ጉንጭ ስማ ሄደች። ታናሿ ደረጃውን ስትወርድ በረኛዋ የእግሯን ድምፅ አዳመጠች፤ ቀኙ ከግራው ትንሽ ዘግየት ይላል፤ የማያውቃት ሰው አይሰማውም። «ምን አልሻት?» አሉ እናትየዋ። «ምንም» አለች። እናትየዋ ብዙ ካዩዋት በኋላ «ሁለታችሁም ምንም ስትሉ ነው እኔን የሚጨንቀኝ» ብለው ሳህኖቹን አነሱ።

ሜዳው ሰው ሠራሽ ሣር ነው፤ ከጨዋታ በፊት ውሃ ይረጩታል፤ በፀሐይ ሲያብረቀርቅ እንደ መስታወት ነው። በረኛዋ ትጥቋን ስታጠልቅ የእያንዳንዱ ማሰሪያ ድምፅ ጆሮዋ ውስጥ ገባ። ከመልበሻ ክፍሉ ሲወጡ ዝምተኛዋ አጠገብ ደረሰች። አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ሌላ ነገር ነው። «ልጅሽ እንዴት ናት?» አለች። «ደህና ናት» አለች ዝምተኛዋ፣ ወደ መሬት እያየች። የዱላዋ እጀታ ላይ የጠቀለለችውን ጨርቅ በጥፍሯ እየላጠች ነበር፤ ግማሹ ወልቋል። ከዚያ በረኛዋ ወደ ዋናው ዳኛ ሄደች። ሽበታም፣ ለሃያ ዓመት ያጫወተ ሰው ነው። ገና ሳትናገር እጁን አነሳ። «አንቺ ደግሞ ዛሬ ምን ይዘሽ መጣሽ? ባለፈው ሰዓትህ ቆሟል ብለሽ ጨዋታ አስቁመሽኛል። ወደ ግብሽ!» ተመልካች መቀመጫው ላይ ያሉት ሳቁ፤ አምበሏም ሳቀች። በረኛዋ ወደ ግቧ ስትሄድ ያ ከፍርግርጉ ውስጥ ሆና የምታሸብርበት አፏ ደርቆ ምላሷ ከላንቃዋ ጋር ተጣብቆ ነበር። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ለማንም አጥቂ ምንም ሳትናገር ተጫወተች።

ጨዋታው በተጀመረ በሰባተኛው ደቂቃ ባላጋራዎቹ የማዕዘን ቅጣት ምት አገኙ። ኳሷ ከክልሉ ጫፍ ተመትታ፣ ወደ ግቡ ጥግ ሳይሆን ቀጥታ ወደ ፊቷ፣ ከቀኟ በኩል መጣች። ዓይኗን ጨፈነች። የራስ ቁሩ ፍርግርግ ተመትቶ ጭንቅላቷ ውስጥ ደወል ጮኸ፤ በጀርባዋ ወደቀች። ስትነሳ የባላጋራ መቺዋ እጇን አንስታ ይቅርታ ትጠይቃለች፤ ታናሿ ከኋላ ቆማ ሌላ ቦታ ታያለች። በረኛዋ ደህና ነኝ አለች። ስለ ራሷ ለማሰብ ቦታ አልነበራትም። ዓይኗ ከዝምተኛዋ ላይ አልተነቀለም፤ ዝምተኛዋ ወደ ታናሿ በተጠጋች ቁጥር በረኛዋ እስትንፋሷን ትይዛለች፤ ታናሿ ኳስ አቀብላ ስትርቅ ትተነፍሳለች። የመጀመሪያው ሩብ እንዲህ አለቀ፣ ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም። ምንም አልሆነም። በመጨረሻው ዕረፍት አምበሏ ውሃዋን ስትጠጣ ወደ ዝምተኛዋ ጠጋ ብላ በጆሮዋ አንድ ነገር አለቻት፤ ዝምተኛዋ ራሷን ነቀነቀች።

ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው፣ ዜሮ ለዜሮ እንደሆኑ፣ ታናሿ በመሀል ሜዳ ኳስ ቀማች። ሁለት ሰው አለፈች። ስትሮጥ ያ ዘግየት የሚለው እግር አይታወቅም፤ ሜዳ ላይ ብቻ ነው የሚጠፋው። ወደ ግቡ ክልል ስትገባ በፊቷ ከበረኛዋ በቀር ማንም አልነበረም፤ በቀኟ በኩል ግን ዝምተኛዋ እየመጣች ነው። በረኛዋ ያየችው የዝምተኛዋን ዓይን ነው። ኳሷን አያይም። ታች፣ አንድ ቦታ ላይ ተተክሏል፤ ዱላዋ ወደ ኋላ ተወስዶ ከመሬት አንድ ክንድ ከፍ ብሏል፤ ከንፈሯ ይንቀጠቀጣል። «ተዪ!» ብላ የጮኸች መሰላት፤ ድምፅ አልወጣትም። ከዚያ በኋላ ያደረገችውን ያደረገው ሰውነቷ ነው። ግቧን ጥላ ሮጠች፤ ኳሷን ተሻግራ፣ በዚያ ሁሉ ስፖንጅና ፕላስቲክ ሙሉ ክብደቷን ይዛ፣ የገዛ እህቷን ደረቷ ላይ ገጭታ ጣለቻት። ሁለቱም በእርጥቡ ሣር ላይ ተንሸራተቱ። በዚያው ቅጽበት ዱላው መጣ። የበረኛዋን እግር መከላከያ ሲመታ በር በነፋስ እንደተዘጋ ዓይነት ድምፅ አሰማ፤ ከሦስቱ ሴቶች በቀር ግን ማንም ልብ አላለውም። ኳሷ ብቻዋን እየተንከባለለች ወደ ውጭ ወጣች።

የተቀረው ሰው ያየው ሌላ ነገር ነው። በረኛዋ ኳስ ትታ አጥቂ ስትደበድብ ነው ያዩት። ፊሽካው ተነፋ፤ ዳኛው ቢጫ ካርድ አወጣ፤ የፍጹም ቅጣት ምት ሰጠ። ተመልካቹ ቆሞ ጮኸ። «የገዛ እህቷን! የገዛ እህቷን እኮ ነው!» ይላል አንድ ወፍራም ድምፅ ደጋግሞ። ታናሿ ሣሩ ላይ ተቀምጣ ጉልበቷን በሁለት እጇ ይዛ፣ ደህና መሆኑን እየዳሰሰች፣ አንዴ እህቷን አንዴ ዝምተኛዋን ታይ ነበር። በረኛዋ ከሜዳ ወጥታ የተቀጡ ሰዎች ወንበር ላይ ተቀመጠች። ተቀያሪዋ በረኛ ገባች፤ የባላጋራ መቺዋ መታች፤ ገባ። በዚያው አለቀ። ቡድኑ ወረደ።

መልበሻ ክፍሉ ውስጥ ማንም ልብሱን አልቀየረም። አሰልጣኙ በሩ ላይ ቆሞ ወደ ኮሪደሩ ይመለከታል፤ አልገባም አልወጣም። አምበሏ የበረኛዋ ፊት መጥታ ቆመች፤ አሁን ድምፅዋ ውስጥ ሳቅ አልነበረም።

«ለእህትሽ ብለሽ ሃያ ሰው በተንሽ።»

በረኛዋ ጠዋት ከመደርደሪያው ኋላ ከፈራችው የባሰ ፈርታለች፤ ግን ተናገረች። የሰማችውን ሁሉ፣ ቃል በቃል፣ ቀኙን ያለችውን፣ ቢበዛ ቢጫ ነው ያለችውን፣ እሺ የተባለውን። ስትጨርስ አምበሏ ወደ ሌሎቹ ዞረችና እጆቿን ዘረጋች።

«ሰምታችኋል? እኛ እኮ ከመደርደሪያው ኋላ እንዳለች አውቀናል! ሻንጣዋ በሩ ላይ ተቀምጦ የለ እንዴ? እሷ ሰውን ስታሸብር ትኖር የለ፣ እስቲ ዛሬ እሷም ትቅመሳት ብዬ ነው። ፌዝ ነው! ፌዝ መሆኑን ደግሞ ማንም ያውቃል።»

ጥቂቶች ራሳቸውን ነቀነቁ። አንዷ አፏን ይዛ ልትስቅ ቃጣት። በረኛዋ መሬቱ ከሥሯ የተንሸራተተ መሰላት። እውነት ቢሆንስ? ዱላውስ ኳሷን ፍለጋ የመጣ ቢሆን? ጠዋት ሻንጣዋን የት አስቀምጣው ነበር? በሩ ላይ ነው፤ አዎ፣ በሩ ላይ ነበር። እንግዲያው ቀኑን ሙሉ በማንም ላይ ሊደርስ ያልታሰበ ነገር ፈርታ፣ በአንድ ቀልድ የተነሳ ቡድኑን አፍርሳለች ማለት ነው። ያን ጊዜ ከጥጉ አግዳሚ ወንበር ላይ ያ ቀጭን ድምፅ መጣ። ዝምተኛዋ ነበረች፤ ጭንቅላቷን አላነሳችም፤ ዱላዋ ጭኗ ላይ ተጋድሟል።

«ፌዝ ነው ብሎ ለኔ የነገረኝ ሰው የለም» አለች።

አሰልጣኙ ከበሩ ላይ ጠፋ። ዝምተኛዋ እያለቀሰች፣ ለማን እንደምትናገር ሳይታወቅ፣ ቀጠለች። «በዕረፍቱም አሁን ነው ብላኛለች። ልመታት ነበር። ኳሷን አላየሁም፤ ጉልበቷን ነው ያየሁት። ቡድኑ ከፈረሰ ፋብሪካው ከሥራዬም ያሰናብተኛል ብላኝ ነው።» ከዚያ ተነስታ ዱላዋን ወንበሩ ላይ ትታ፣ የለበሰችውን እንደለበሰች፣ በአምበሏ አጠገብ አልፋ ወጣች። አምበሏ ልትይዛት እጇን ዘረጋችና መልሳ ሰበሰበችው። ሌሎቹ አንድ በአንድ ጫማቸውን መፍታት ጀመሩ። በረኛዋ ግን አልፈታችም። ሻንጣዋን አንጠልጥላ፣ መከላከያው እግሯ ላይ እንዳለ፣ እየተጎተተች ወደ ኮሪደሩ ወጣች።

ታናሿ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ ነበር። ፊቷ ላይ የሣሩ ውሃ ደርቆ ነጠብጣብ ሠርቷል። በመሀላቸው የኮሪደሩ ስፋት ብቻ ነበረ፤ ሁለቱም አልተሻገሩትም።

«ምሳ ላይ ያልሽኝ እውነት ነበር» አለች ታናሿ። ጥያቄ አልነበረም።

«እውነት ነበር።»

«ሳቅሁብሽ።»

«እኔም ብሆን እስቅ ነበር» አለች በረኛዋ፤ ግድግዳውን ታክካ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። አሁን ፍርሃቱ ይለቀኛል ብላ ጠበቀች፤ አልለቀቃትም። ታናሿ መጥታ ፊት ለፊቷ ተንበረከከች፣ በግራ ጉልበቷ ብቻ፤ የመከላከያውን ማሰሪያ መፍታት ጀመረች። አንዱን ፈታች። ሁለተኛው ላይ እጇ ቆመ።

«እታለም፣ የመጀመሪያዋ ኳስ» አለች፤ ቀና ሳትል። «ፊትሽ ላይ የመጣችው። አምልጣ የመጣች ኳስ አይደለችም።»

በረኛዋ ግንባሯን ዳሰሰች።

«ሆስፒታል ተኝቼ ከእንግዲህ እፈራለሁ ብዬ ሳለቅስ ምን እንዳልሽኝ ታስታውሻለሽ? እኔም እፈራለሁ አልሽኝ። ከቀኝ ከፍ ብላ የምትመጣ ኳስ ሳይ ዓይኔን እጨፍናለሁ፣ ማንም አያውቅም አልሽኝ። ሐሙስ ለት አሰልጣኛችን በረኛዋን እንዴት ነው የምናስፈራት ብሎ ሲጠይቅ እኔ ነገርኳቸው። መጀመሪያ ፊቷን ምቱት፣ ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ትጨፍናለች አልኩ። ምሳ ላይ ልነግርሽ እያመነታሁ ነበር። አንቺ ቀድመሽ ስትናገሪ ያወቅሽብኝ መሰለኝ። እልህ ያዘኝ።»

ኮሪደሩ ውስጥ የአንድ ሰው እርምጃ ተሰምቶ ራቀ። በረኛዋ የእህቷን እጅ ከእግሯ ላይ ልታነሳው ነበር፤ አላነሳችውም፤ አልያዘችውምም። ያን ጊዜ የታናሿ ስልክ ጮኸ። ሁለቱም ስክሪኑ ላይ የተጻፈውን አዩ። እማዬ ይላል። ታናሿ አነሳችው፤ የእናታቸው ድምፅ በዚያ ጠባብ ኮሪደር ውስጥ ለሁለቱም ይሰማ ነበር። የታችኛው ፎቅ ጎረቤት ከሜዳው ተመልሶ ነግሯቸዋል።

«እህትሽ መታችሽ አሉኝ። ሰው ሁሉ ፊት። እውነት ነው ልጄ?»

ታናሿ ታላቋን አየቻት። ብዙ አየቻት።

«አይደለም እማዬ» አለች። «እኔ ነኝ የመታኋት።»